ካርዱን አስተኛው፦ ወደ መንዝ ለሚሄደው የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣

በመጪው ሳምንት ለመምህርነት ወደ መንዝ እንደምትሄድ አባትህ ነገረኝ። የተመደብክበት ቀበሌ መብራት እንዳልገባለት፣ ቻርጅ ለማድረግም የገበያ ቀን ጠብቀህ ከተማ መውጣት እንዳለብህ ሰማሁ። ያቺን የጣት ያህል ሙዚቃ ማጫወቻ ከነሚሞሪ ካርዷ ይዘህ ለመሄድ ማሰብህ ደስ ብሎኛል። ስልክህ ለሥራና ለወላጅ ድምፅ ይቆይልህ፤ ለክራሩ፣ ለመዝሙሩና ለተቀዳው ትምህርት ደግሞ የራሱ ዕቃ ይኑረው።

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ «ጋሼ፣ ሚሞሪ ስከትባት ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል፤ የሚበላው ካርዱ ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። በዚያ ጨዋታ መሀል የሰጠሁህ መልስ አጭር ነበር፤ ለጥያቄህ አይመጥንም። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴፕ፣ ኋላም እነዚህን ትንንሽ ማጫወቻዎች ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን በተራ ጽፌልሃለሁ። በአንድ ቻርጅ ሳምንቱን መግፋት ላለበት ሰው እያንዳንዷ ሰዓት ዋጋ አላትና ረጋ ብለህ አንብበው።

1. ከመፍረድህ በፊት ለካ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የነርስነት ተማሪ ያንተን የመሰለ ማጫወቻ ይዛ ሱቄ መጣች። «18 ሰዓት ይሠራል ብለው ሸጡልኝ፤ ከ10 ሰዓት አያልፍም» አለችኝ። ዕቃው ሁለት ዓመት አገልግሏል፤ ባትሪው አርጅቷል ብዬ ወዲያው ፈረድኩ። ከፍቼ ባትሪውን ቀየርኩ፤ ገንዘቧንም ተቀበልኩ። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ምንም ለውጥ የለም።

ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ካርዱን አወጣሁና ማጫወቻው ውስጥ ባሉት ዘፈኖች ብቻ ማታ 12 ሰዓት ላይ አስጀመርኩት፤ እስከ ማግስቱ እኩለ ቀን ዘለቀ። ቻርጅ አድርጌ ካርዱን መልሼ ስከተው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከራሴ ዕቃ ሌላ ካርድ አውጥቼ ሞከርኩ፤ ካርድ ከሌለበት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም። ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም። የሚሞሪ ካርድ ሁሉ ጥፋትም አልነበረም። የዚያ የአንዱ ካርድ ነበር። ገንዘቧን መለስኩላት፤ ደህናውን ባትሪ ያለ ጥፋቱ ማውጣቴ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ሦስት ቀን መድብና እንዲህ አድርግ። አንድ ዓይነት ዘፈኖችን በማጫወቻዋ ውስጥም በካርዱም ላይ ጫን። ባትሪዋ እስኪሞላ ቻርጅ አድርግ። ድምፁን በአንድ ቁጥር ላይ አቁም፤ ለምሳሌ በግማሽ ላይ። ያው የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶባት ይቆይ፤ ስክሪኑን አትንካ። በመጀመሪያው ቀን ካርዱን አውጥተህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስጀምር። ከአሥር ሰዓት በኋላ በየሩቡ ሰዓት ጎብኛትና የጠፋችበትን ሰዓት በደብተር ጻፍ። በሁለተኛው ቀን ዘፈኖቹን ከካርዱ ላይ አጫውት። በሦስተኛው ቀን የተዋስከው ሌላ ካርድ ይግባ። ልዩነቱ ከአሥር አንድ እጅ ካልበለጠ ካርዱን ተወው፤ ሌላ ጥፋተኛ ፈልግ። ከዚያ ከበለጠ ደግሞ የሚቀጥሉትን ምክሮች በጥንቃቄ አንብብ።

2. ሒሳቡን በጣትህ ቁጠረው

በባትሪ ላይ የሚጻፈው «ሚሊአምፒር ሰዓት» የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ በስልቻ ውስጥ ስንት ቁና እህል እንዳለ እንደማለት ነው። የትንሽ ማጫወቻ ባትሪ 300 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው እንበል። ዕቃዋ ስትጫወት ያለማቋረጥ 20 ሚሊአምፒር ብትስብ፣ 300 ለ20 ሲካፈል 15 ሰዓት ትቆያለች። አሁን የማይተኛ ካርድ 5 ሚሊአምፒር ጨመረባት እንበል፤ 300 ለ25 ሲካፈል 12 ሰዓት ነው። ካርዱ 10 ከጨመረ ቀሪው 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ዘፈኑ ያው፣ ድምፁ ያው፣ አምስት ሰዓት ግን የለም።

ያንኑ ካርድ እናትህ ቤት ባለው ባለ ድምፅ ማጉያ ሬዲዮ ላይ ብትከተው ግን ማንም ልብ አይለውም። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ሬዲዮዎች ውስጥ ያለው የድሮው የኖኪያ ስልክ ዓይነት ቢኤል-5ሲ ባትሪ ነው፤ አቅሙም 1,020 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ድምፅ ማጉያው 100 ሚሊአምፒር የሚስብ ከሆነ ከ10 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ካርዱ 5 ቢጨምርበት የሚጎድለው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጎተራ ውስጥ የገባች አይጥ ብትበላ ቶሎ አይታወቅም፤ ቁና ላይ የወጣች እንደሆነ ግን በማግስቱ ጉድለቱ ይታያል። «ጓደኛዬ ሬዲዮ ላይ ይኸው ካርድ ደህና ሠርቷል» የሚል ክርክር የማያዋጣው ለዚህ ነው። ዕቃው ባነሰ መጠን ትንሿ ብክነት ትከብዳለች።

3. ባትሪ የሚበላው ሙዚቃው ሳይሆን መንቃቱ እንደሆነ ዕወቅ

የምክሬ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም በል።

እኔና አባትህ ልጆች ሳለን በቤታችን አንዲት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ቴፕ ነበረች። ድንጋይ ውድ ነበር። ካሴቱን በቴፑ ሞተር ማጠንጠን ድንጋዩን እንደሚጨርስ ስለምናውቅ፣ የቢክ እስክሪብቶ በካሴቱ ቀዳዳ ከትተን በእጃችን እናሽከረክረው ነበር። አባትህ ከእኔ ይፈጥን ነበር። ሞተሩ ለማጫወት ብቻ ይነሣ፣ ለሌላው ይረፍ ማለታችን ነበር። በ1979 በፈረንጆቹ የወጣው የመጀመሪያው የሶኒ ዎክማን በሁለት ትንንሽ ድንጋዮች ይሠራ ነበር፤ የእሱም ድካም ሞተሩ ላይ ነበር።

ሞተር የሌላቸው ማጫወቻዎች በ1998 ብቅ አሉ። ከእነሱ አንዱ ሪዮ ፒኤምፒ300 ነው፤ 32 ሜጋባይት ማኅደር፣ አንድ የባትሪ ድንጋይና የካርድ ማስገቢያ ነበረው። በጥቅምት 2001 ግን አፕል አይፖድን ሲያወጣ ሞተሩ ተመልሶ መጣ፤ 5 ጊጋባይት የሚይዝ የሚሽከረከር ትንሽ ዲስክ በውስጡ ነበረ። ዲስኩ ያለማቋረጥ ቢሽከረከር ባትሪው ብዙም አይዘልቅም ነበር። ታዲያ እንዴት 10 ሰዓት ቆየ? መሐንዲሶቹ ከዲስኩ ጎን 32 ሜጋባይት የኤሌክትሮኒክ ማኅደር አደረጉ። ዲስኩ ይነቃል፣ እስከ 20 ደቂቃ የሚበቃ ሙዚቃ በአንድ ትንፋሽ ወደ ማኅደሩ ይገለብጣል፣ ከዚያ ይተኛል። ሙዚቃው ከማኅደሩ ሲደመጥ ዲስኩ ዕረፍት ላይ ነው። እኛ በእስክሪብቶ ያደረግነውን እነሱ በማኅደር አደረጉት።

ያንተ ካርድ ሞተር የለውም፤ ነገር ግን በዚያች 15 በ11 ሚሊሜትር ስፋት፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባላት ቅጠል ውስጥ ከማኅደሩ ሌላ ሥራውን የሚመራ አንድ ትንሽ ቺፕ አለ። ካርዱ ሲነበብ ይህ ቺፕ ይነቃና በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይስባል፤ በመደበኛው ፍጥነት ለካርድ የተፈቀደው ጣሪያ 100 ሚሊአምፒር ነው። ሲተኛ ግን ከአንድ ሚሊአምፒር በታች ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው የአንተን አምስት ሰዓት የሚወስነው።

ቁጥር ልስጥህ። ማጫወቻዋ 4 ሜጋባይት መያዣ ማኅደር አላት፤ ዘፈኑም በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ነው እንበል። እንዲህ ያለ ዘፈን በሰከንድ 16 ኪሎባይት ይፈልጋል። 4 ሜጋባይቱ ለአራት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ካርዱ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ቢያነብ ማኅደሩን በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ይሞላል። በአራት ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ሰከንድ ነቅቶ የቀረውን የሚተኛ ካርድ ባትሪህ ላይ የሚያሳየው ጉዳት ከምንም አይቆጠርም። ውኃ ለመቅዳት እንስራ ይዛ አንዴ ወንዝ የምትወርድና በጣሳ መቶ ጊዜ የምትመላለስ ሴት ያመጡት ውኃ እኩል ቢሆንም ድካማቸው አንድ አይደለም።

እንግዲህ ካርድ ባትሪ የሚበላው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የካርዱ ቺፕ ራሱ እንቅልፉ ቀላል ሲሆን ነው፤ ሥራ ሳይኖረውም ብዙ ይስባል። የዚያች ተማሪ ካርድ እንዲህ ያለው ነበር። ሁለተኛው፣ የማጫወቻው ሶፍትዌር በጣሳ የሚቀዳ ሲሆን ነው፤ ጥቂት ጥቂት እያነበበ ካርዱን ዕረፍት ይነሣዋል። ሦስተኛው፣ ካርዱ ላይ የተበላሸ ነገር ሲኖር ነው፤ ማጫወቻው ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል። የመጀመሪያውን ካርድ በመቀየር፣ ሦስተኛውን ካርዱን በማሰናዳት ትፈታዋለህ። ሁለተኛው የአምራቹ እጅ ነው፤ አዲስ የሶፍትዌር አፕዴት ካለው እዚህ ኢንተርኔት እያለህ ጫን። ሮክቦክስ የሚባል በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር ለብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች አለ፤ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መንገድ ልትወጣ ስትል የምትሞክረው ነገር አይደለም። ለዕረፍት ስትመለስ አብረን እናየዋለን።

4. ካርድ ስትገዛ በመጠኑና በፍጥነቱ አትታለል

ይህ ማይክሮኤስዲ የምንለው ካርድ በፈረንጆቹ 2004 ትራንስፍላሽ በሚል ስም ወጥቶ በ2005 የዛሬ ስሙን ያገኘ ነው። ከ2 ጊጋባይት በላይ እስከ 32 ጊጋባይት ያለው ኤስዲኤችሲ፣ ከዚያ በላይ ያለው ኤስዲኤክስሲ ይባላል፤ ጽሑፉን ካርዱ ላይ ታየዋለህ። ብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች የተሠሩት ለመጀመሪያው ነው፤ ትልቁን ስትከትባቸው ወይ አያውቁትም ወይ ያለ ዕረፍት ይታገሉታል።

ደግሞስ ለምን ትልቅ? በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ድምፅ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው። 16 ጊጋባይት ካርድ ከ270 ሰዓት በላይ ይይዝልሃል። በቀን ሁለት ሰዓት ብታዳምጥ ከአራት ወር በላይ ነው። አንድ ሴሚስተር አለቀ ማለት ነው።

ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። «ክላስ 10» የሚለው ጽሑፍ ካርዱ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው፤ ይህ ለቪዲዮ ካሜራ ይጠቅማል። ዘፈንህ የሚፈልገው በሰከንድ 16 ኪሎባይት ነው። ለፍጥነት ብለህ ገንዘብ አትጨምር።

ገንዘብ መጨመር ያለብህ ለእውነተኛነቱ ነው። ገበያ ላይ 64 ተብሎ ተጽፎበት በውስጡ 8 ጊጋባይት ብቻ ያለው ካርድ ይሸጣል። ኮምፒውተር ላይ ስትሰካውም 64 ነኝ ይላል፤ የዋሸው ቺፑ ነው። የጫንከው እውነተኛ መጠኑን ሲያልፍ ዘፈኖቹ ይጠፋሉ ወይም ይበላሻሉ፤ ማጫወቻዋም ባልነበረ ዘፈን ላይ ባትሪዋን ትጨርሳለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ካርዱን እስከ አፉ ሙላው፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር መልሰህ ገልብጥ፣ ከመጀመሪያው፣ ከመሀሉና ከመጨረሻው ፋይሎች እየከፈትክ አዳምጥ። ይህን ሻጩ በሚገኝበት ከተማ አድርገው፤ መንዝ ከደረስክ በኋላ የምትመልስለት ሰው የለም።

5. ዘፈን ስታስጭን አንድ ጊዜ፣ በሥርዓት፣ ቻርጀር ላይ ይሁን

ልጆች በየሱቁ ዘፈን ሲያስጭኑ አያለሁ። ዛሬ አሥር፣ ነገ አምስት፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ቪዲዮ፣ ከሌላው ፎቶ፣ ከሦስተኛው ቫይረስ። ካርዱ እንደ ተጣለ ጓዳ ይሆናል።

አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር አብዛኛው ማጫወቻ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነብባል። የእያንዳንዱን ዘፈን ርዕስ፣ የዘፋኙን ስም፣ የአልበሙን ስም እየለቀመ ዝርዝር ይሠራል። ሺህ ዘፈኖች ካሉ ይህ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ካርዱም የማጫወቻው ዋና ቺፕም ሙሉ በሙሉ ነቅተዋል። በየቀኑ አንድ ዘፈን የሚጨምር ሰው ይህን ዋጋ በየቀኑ ይከፍላል።

አንተ እንዲህ አድርግ። ካርዱ ላይ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠህ አስቀምጥ። ካርዱን ፎርማት አድርግ፤ ማጫወቻዋ ራሷ ፎርማት የማድረግ ምርጫ ካላት በእሷ ይሁን፣ ከሌላት እስከ 32 ጊጋባይት ላለው ካርድ ፋት32 የሚባለውን ምረጥ። ከዚያ የምትፈልገውን ድምፅ ብቻ በአንድ ጊዜ ጫን፤ ቪዲዮና ፎቶ አይግባ። በዘፈኑ ፋይል ውስጥ ተጣብቆ የሚመጣ ትልቅ የአልበም ሥዕልም ካለ አውጣው፤ ያ ሥዕል ከዘፈኑ ጋር በተነበበ ቁጥር ሥራ ነው። ከኮምፒውተሩ ስትነቅለው በሥርዓት አስወጥተህ እንጂ በጉልበት ጎትተህ አይሁን፤ የካርዱ መዝገብ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ቅጽበት ነው። በመጨረሻም ማጫወቻዋን ቻርጀር ላይ እንደሰካሃት ክፈትና ዝርዝሯን ሠርታ ትጨርስ። ያ ሥራ ከግድግዳው መብራት ይበላ፤ ከባትሪህ አይደለም።

በተከፈተች ቁጥር ዝርዝሩን እንደ አዲስ የምትሠራ ከሆነ ወይም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የምትቆም ከሆነ፣ መሀል የተበላሸ ፋይል አለ። አንድ በአንድ አትፈልገው። ግማሹን ዘፈን አውጣና ሞክር። ደህና ከሆነች ጥፋተኛው በወጣው ግማሽ ውስጥ ነው፤ ካልሆነች በቀረው ውስጥ። ያንን ደግሞ ለሁለት ክፈል። ከሺህ ዘፈን ውስጥ አንዱን በአሥር ሙከራ ታገኘዋለህ። ሬዲዮ ስጠግንም የተበላሸውን ክፍል የምፈልገው በዚሁ መንገድ ነበር።

6. ለምትሄድበት ቦታ የሚመጥን የድምፅ ጥራት ምረጥ

ዘፈኑ በከበደ መጠን መያዣ ማኅደሩ ቶሎ ያልቃል፤ ካርዱም ቶሎ ቶሎ ይነቃል። ያው 4 ሜጋባይት በ128 ኪሎቢት ለአራት ደቂቃ የሚበቃ ከሆነ፣ በ320 ኪሎቢት ለመቶ ሰከንድ ብቻ ይበቃል። ፍላክ የሚባለው ምንም ያልተቀነሰለት ቅጂ ደግሞ በደቂቃ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሜጋባይት ስለሚሆን አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላለትም። ካርድህ እንቅልፉ ጥሩ ከሆነ ይህ ብዙ አይጎዳህም፤ ካልሆነ ግን ሰዓት ይቆርጣል።

የክራሩን ጅማት ድምፅ እንደምትወድ አውቃለሁ፤ ለእሱ ጥሩውን ቅጂ ያዝ። ለስብከት፣ ለትረካና ለትምህርት ግን 64 ኪሎቢት ይበቃል፤ የሰው ድምፅ በዚያ መጠን በደንብ ይሰማል። ዋናዎቹን ቅጂዎች አባትህ ኮምፒውተር ላይ ተዋቸው፤ ከአንተ ጋር የሚሄደው ቀለል ያለው ይሁን።

7. ስክሪኑ ይጥፋ

ባትሪ አለቀ ብለው ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ ጥፋተኛው በእጃቸው ነው፤ በየዘፈኑ ስክሪኑን እያበሩ ያያሉ። በትንሽ ማጫወቻ ላይ ስክሪኑ ሲበራ የሚስበው ከሙዚቃው ጋር የሚወዳደር ነው። በአምስት ሰከንድ ውስጥ እንዲጠፋ አድርገው፣ ብርሃኑን ወደ ታች አውርደው። ቁልፎቹን ቆልፋቸው፤ በኪስህ ውስጥ እየተነካች እንዳትበራ። የምታዳምጠውን ቀድመህ በዝርዝር አሰናዳና እስከ መጨረሻው ተዋት። ከዘፈን ወደ ዘፈን መዝለልም ካርዱን ይቀሰቅሰዋል፤ የተቀዳው ሁሉ ይደፋና እንደገና ይቀዳል።

8. ድምፁን ለጆሮህ ስትል ቀንስ፤ ባትሪውም ያመሰግንሃል

ድምፅን ከፍ ማድረግ ባትሪ ይበላል፤ የድምፅ ማስተካከያ ኢኳላይዘሩም ዋናውን ቺፕ ሥራ ይጨምርበታል። ይህ ግን ለእኔ ሁለተኛ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው፤ ድምፁ ሲጨምር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ጆሮ እንደ ባትሪ አይቀየርም። መንዝ ጸጥ ያለ አገር ነው፤ በግማሽ ድምፅ ሁሉንም ትሰማዋለህ።

ብሉቱዝ ካላትም አጥፋው። ባለ ገመድ ማዳመጫ ይዘህ ሂድ፤ አንድ ትርፍም ጨምር። ሬዲዮ ካላት ደግሞ ገመዱ አንቴና ይሆንልሃል፤ ሬዲዮ ስታዳምጥ ካርዱ አይነበብም።

9. ማስተኛትና ማጥፋት አንድ አይደለም

አንዳንድ ማጫወቻዎች ቁልፋቸውን ስትነካ ጠፉ ብለህ ታስባለህ እንጂ አልጠፉም፤ ስክሪናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። በዚያ ጊዜ ለካርዱ መብራት መስጠት የማያቆሙ አሉ። ማታ ግማሽ ባትሪ ትተህ ጠዋት ባዶ ካገኘሃት ነገሩ ይህ ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ተጭነህ በደንብ አጥፋት። በዚህም ሌሊቱን ከቀነሰች ካርዱን አውጥተህ አንድ ሌሊት ሞክር፤ ካርድ ሳይኖር ካልቀነሰች ሌባውን ያዝክ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሳታዳምጥ ለምትቆይባቸው ቀናት ካርዱን በትንሽ ብልቃጥ ወይም በክብሪት ቤት ውስጥ አኑረው። ትንሽ ነውና በኪስ አትያዘው፤ ገለባ ውስጥ ከወደቀ አታገኘውም።

10. ይህን ባትሪ እንደ ድሮው ድንጋይ አታስተናግደው

በልጅነታችን የደከመ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር። ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ አንድ ዜና ያሰማናል። ይህን ልማድ ብዙ ሰው ወደ አዲሱ ባትሪ ይዞት መጥቷል። አደራ፣ አንተ እንዳታደርገው። በማጫወቻህ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ነው፤ ሶኒ በፈረንጆቹ 1991 ለገበያ ያወጣው ዓይነት። ለዚህ ባትሪ ሙቀት መርዝ ነው። በመስኮት ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ፣ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዋት።

የመንዝ ብርድ ደግሞ ሌላ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ ግማሽ እያለው ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ሲሞቅ ይመለሳል። ማታ ከጋቢህ ስር፣ ቀን በውስጥ ኪስህ ያዛት። ውርጭ ሆና ያደረችን ማጫወቻም ወዲያው ቻርጀር ላይ አትሰካት፤ በሰውነትህ ሙቀት ለብ ትበል።

እስክትሞት ድረስ ጨርሰህ አትጠቀም፤ ከቻልክ ከአምስት አንድ እጅ ሲቀር አቁም። ክረምት ለዕረፍት ስትመጣና ሳታዳምጣት የምትቆይ ከሆነ፣ ባዶም ሙሉም ሳይሆን በግማሽ ላይ አስቀምጣት። ጀርባዋ ካበጠ ወይም ሽፋኗ ከተላቀቀ ባትሪው ታሟል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቻርጅ ማድረጉን ያን ጊዜውኑ አቁም። አትውጋው፣ አትጫነው፣ እሳትም አታስጠጋው። ወደ እኔ ላካት።

11. የመጀመሪያውን ልኬት ይዘህ ሂድ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ደብተሯን ያዝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስቱን ቁጥሮች ጻፍ፦ ያለ ካርድ ስንት ሰዓት፣ በካርድህ ስንት ሰዓት፣ በሌላ ካርድ ስንት ሰዓት። ከስድስት ወር በኋላ ማጫወቻዋ እንደቀድሞዋ ካልሆነች ያንኑ ልኬት በዚያው ድምፅ ድገመው። ያለ ካርድና በካርድህ ያሉት ቁጥሮች አብረው ከቀነሱ ባትሪው እያረጀ ነው። የካርዱ ቁጥር ብቻ ከቀነሰ ነገሩ ካርዱ ላይ ነው። እኔ ያለ ደብተር ፈርጄ የሰው ገንዘብና ደህና ባትሪ ያበላሸሁትን አንተ አትደግመውም።

ከመሄድህ በፊት አባትህን የቢክ እስክሪብቶውን ነገር ጠይቀው፤ በእጁ እያሽከረከረ ያሳይሃል። ካርድህን ለማስተኛት የምትደክመው ድካም በቤታችን አዲስ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ይገባሃል።

ከተማ በምትወጣበት በመጀመሪያው የገበያ ቀን ደውልልኝ። ደህንነትህን ንገረኝ፤ ተማሪዎችህን ንገረኝ፤ ከዚያ ከደብተርህ ላይ ሦስቱን ቁጥሮች አንብብልኝ። እኔም ወረቀትና እርሳስ ይዤ እጠብቃለሁ።

አጎትህ